ዓይን ያጣው ጸሓፊ፤ የሉዊ ብራይል ታሪክ

ብዕር ሁሉ ከሸምበቆ የተቀረጸ አይደለም፤ ጽሕፈትም ሁሉ ቀለም አይሻም። ያለ ቀለም የሚጻፍ፥ በጣት የሚነበብ ጽሕፈት አለ። ይህንም ለዕውራን ያበጀ ሉዊ ብራይል የተባለ ፈረንሳዊ ነው።

ሉዊ ብራይል እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1809 ዓ.ም. ከፓሪስ በስተምሥራቅ ባለች ኩቭሬ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ኮርቻና ልጓም የሚሠራ የቆዳ ሠራተኛ ነበረ። ሕፃኑ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ በአባቱ የሥራ ቤት በስለታም መሣሪያ ሲጫወት አንድ ዓይኑን ወጋ። ሕመሙም ወደ ሁለተኛው ዓይኑ ተላለፈና በአምስት ዓመቱ ፈጽሞ ታወረ።

በ1819 ዓ.ም. በፓሪስ ወዳለው የዕውራን ትምህርት ቤት ገባ። በዚያ የነበሩት መጻሕፍት ፊደላቸው ከወረቀቱ ላይ ጐልቶ የወጣ፥ እጅግ ትልልቅና ከባድ ነበሩ፤ ቍጥራቸውም ጥቂት ነበረ። ተማሪው ፊደሉን በጣቱ ዳስሶ በብዙ ድካም ያነብ ነበር እንጂ ራሱ ሊጽፍ አይችልም ነበር። በኋላ ሻርል ባርብዬ የተባለ የቀድሞ መኰንን በነጥብ የሚጻፍ ጽሕፈት ለትምህርት ቤቱ አቀረበ፤ ነገር ግን ለአንዱ ምልክት እስከ 12 ነጥብ ስለሚያስፈልግ አንድ ጣት ባንድ ጊዜ ሊዳስሰው አይችልም ነበር። ሉዊ ይህን ተመልክቶ ነጥቡን ወደ 6 አሳነሰው። ሥራውን በ1824 ዓ.ም. ሲያበጀው ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበረ፤ በ1829 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተመው።

የሚጻፍበትም ብዕር ወስፌ የሚመስል፥ ጫፉ ሹል የሆነ ብረት ነው። ወፍራም ወረቀት በሰሌዳ ላይ ይነጠፋል፤ ጸሓፊውም በብረት ማስመሪያው ቀዳዳ ውስጥ ነጥብ በነጥብ ይወጋዋል። ነጥቡ የሚያብጠው በወረቀቱ ጀርባ ስለ ሆነ ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል፤ ወረቀቱንም ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል።

ሉዊ በዚያው ትምህርት ቤት መምህር ሆነ፤ በቤተ ክርስቲያንም ኦርጋን ይመታ ነበር። ነገር ግን ዓይናሞቹ አለቆች ከለመዱት ፊደል ስለ ተለየ ሥራውን ሳይቀበሉት ብዙ ዘመን አለፈ። እርሱም በሳንባ ነቀርሳ ታሞ በ1852 ዓ.ም. በ43 ዓመቱ ሞተ። ትምህርት ቤቱ ጽሕፈቱን በይፋ የተቀበለው ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ግን በብዙ አገር ይጻፍበታል፤ በአገራችንም ዕውራን ተማሪዎች አማርኛ ያነቡበታል።

ተማሪ ሆይ፥ ከዚህ ሰው ትዕግሥትን ተማር። ከአለቆቹም ስሕተት ተጠንቀቅ፤ ዓይን ያለው ሰው ለዕውር የሚበጀውን የሚያውቀው ዕውሩን ጠይቆ ነውና።