ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያንና አርባ ልጆች



ለዘንድሮው መጽሔታችን ስለ አንድ የታወቀ ሰው ሕይወት እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ፣ ንጉሥ ወይም የጦር መሪ አልመረጥሁም። የመረጥሁት የነሐስ ሙዚቃ አስተማሪ የነበሩትን ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያንን ነው። ምክንያቴን ኋላ እገልጻለሁና አንባቢ ሆይ፣ ጥቂት ታገሠኝ።

ሙሴ ኬቮርክ በትውልድ አርመናዊ ነበሩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ዓ.ም. በቱርክ ግዛት አይንታብ በምትባል ከተማ ተወለዱ። በዚያው አቆጣጠር ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ በአርመን ሕዝብ ላይ ብርቱ እልቂት ወረደ። ከሞት የተረፉት ሕፃናት አባትና እናት አጥተው በየአገሩ ተበተኑ። ከነዚህም አንዳንዶቹ በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ተጠልለው የነሐስ ሙዚቃ ይማሩ ነበር።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ፤ በዚያም የልጆቹን ጨዋታ ሰሙ። ደስ ስላላቸው ከፓትርያርኩ አስፈቅደው አርባውን ልጆች ወደ አገራችን አስመጡ። ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ሕዝቡም አርባ ልጆች አላቸው፤ በዚሁ ስም እስከ ዛሬ ይጠራሉ። መሪያቸውም ሙሴ ኬቮርክ ሆኑ።

የነሐስ መሣሪያ ለኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም፤ ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ንጉሥ ተልኮ ነበር። ሙሴ ኬቮርክ ግን ማርሽ ተፈሪ የተባለውን ዜማ ደረሱ፤ ግጥሙን ዮፍታሔ ንጉሤ ጻፉ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ላይ ተሰማ፤ እስከ ዘውድ መንግሥት ፍጻሜም የአገራችን ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ኖረ። አርባዎቹ ከተለያዩ በኋላም ሙሴ ኬቮርክ እዚሁ ቀርተው ወጣቶችን አስተማሩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. ዐረፉ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በሙዚቃ መምህርነት ስማቸው የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ምክንያቴ ልመለስ። የእኛ የሙዚቃ ጓድ አርባ ሳይሆን ስድስት መሣሪያ ብቻ ነው ያለው፤ ሁለት ትሩምፔት፣ አንድ ኮርኔት፣ አንድ አልቶ፣ አንድ ትሮምቦንና አንድ ቱባ። አምና ለወላጆች ቀን አንድ የትዝታ ቅኝት ዜማ እንዳከፋፍል ተሰጠኝ። እኔም ጮኾ መሰማት መልካም መስሎኝ ዜማውን ለሁለቱ ትሩምፔትና ለኮርኔቱ ሰጠሁ። ትሮምቦኑን ከቱባው ጋር በታች አደረግሁት። አልቶ የሚነፋውን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ግን ድምፅህ አይሰማምና አታስፈልግም አልሁት።

በዕለቱ ከላይ ጩኸት፣ ከታች ጉርምርምታ ሆነ፤ መካከሉ ባዶ ነበር። አባቴ ዜማውን እንዳልለዩት በእርጋታ ነገሩኝ። ልጁም አልቶውን ለዕቃ ቤት መልሶ ከጓዱ ወጣ።

በክረምት የሙሴ ኬቮርክን ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር አሳፈረኝ። እሳቸው ማንም የሌላቸውን አርባ ልጆች ሲመሩ፣ እኔ ከስድስት ሰው አንዱን ትርፍ ነህ አልሁት። ይህን ለአያቴ ባወራቸው ስለ እምቢልታ ነገሩኝ። በጎንደር ነገሥታት ግቢ ከነጋሪትና ከመለከት ጋር ይነፋ የነበረው እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም። የማ፣ ደፍና ልኬት የሚባሉት ሦስቱ ተራ በተራ ሲነፉ ነው ዜማው የሚሞላው። አንዱ ተራውን ቢያሳልፍ ዜማው ይቀደዳል።

ስለዚህ ዘንድሮ ክፍፍሉን እንደ ገና ጻፍሁ። ዜማውን ለኮርኔቱ ብቻ ሰጠሁ፤ ድምፁ ከትሩምፔት ለስላሳ ስለ ሆነ ከሌሎች ጋር ይዋሐዳልና። ትሩምፔቶቹ ዜማው ከፍ በሚልበት ቦታ ብቻ ይገባሉ። ትሮምቦኑ ለኮርኔቱ ይመልሳል፤ ቱባው ዋና ዋናውን ድምፅ ብቻ ይረግጣል። ትዝታ አምስት ድምፅ ብቻ ስላለው ከባዕድ ድምፅ መደራረብ ይልቅ አንዱን ዜማ በቀጭንና በወፍራም ማስኬድ ይበልጥ ያምርበታል። መካከሉን የሚያያይዘው ግን አልቶው ነው። ቅኝቱ ከኮርኔት ስለሚለይ ተመሳሳይ ኖታ ቢያነብ አይገጥምም፤ ስለዚህ ለብቻው ጻፍሁለት።

ጽሑፉን ይዤ ወደ ልጁ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። እናቱ ቡና አፍልተው አስታረቁን። እርሱም ወረቀቱን ረጅም ጊዜ ካየ በኋላ፣ ይህ ሁሉ የእኔ ነውን ብሎ ጠየቀኝ። በማግሥቱ ልምምድ ላይ ተገኘ።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ በዘንድሮው በዓል ስንነፋ እባካችሁ መካከለኛውን ድምፅ አድምጡልን።