የድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠ የሕይወት ታሪክ ባጭሩ

በዚህች መጽሔት በየዓመቱ የአንድ ስመ ጥር ሰው ታሪክ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር አዛዦች ነው፤ አፄ ዮሐንስ በወደቁበት በመተማ ተቀምጠን እንዲህ ብናደርግ የሚፈርድብን የለም። ዘንድሮ ግን ስለ ዘፋኝ ልንጽፍ ተነሥተናል።

ነገሩን ያስጀመረን አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው። በ2015 ዓ.ም. በአገራቸው ጦርነት ሲነሣ ድልድዩን ተሻግረው ከመጡት አንዱ ነበር። ሻይ ቤት አብረን ተቀምጠን ሳለ ሬዲዮው ጥላሁንን አሰማ። ሰውየው ብርጭቆውን አስቀምጦ እስከ መጨረሻው አብሮ ዘፈነ። አማርኛ የሚያውቅ መስሎን ብናነጋግረው አንድ ቃል አልመለሰልንም፤ ለካ የሚያውቀው ዘፈኑን ብቻ ኖሯል። እኛም ወደ ቤት ስንሄድ የዚህን ሰው ታሪክ መጻፍ ይገባል አልን።

ጥላሁን የተወለደው በአዲስ አበባ ከተማ መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ዕለቱ የመስቀል በዓል መሆኑ ነው። አባቱ አቶ ገሠሠ ንጉሤ፣ እናቱ ወይዘሮ ጌጤ ጉርሙ ይባላሉ። በልጅነቱ አያቱ ወደ ወሊሶ ወስደውት በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ገባ። አያቱ ልጁ ተምሮ ሰው እንዲሆንላቸው ነበር የሚፈልጉት፤ እሱ ግን ልቡ ከዘፈን ላይ ነው። በዚያን ዘመን ዘፋኝ ማለት አዝማሪ ማለት ነው፤ የጨዋ ልጅ አዝማሪ ሆነ ከተባለ ለዘመድ ሐፍረት ነበር።

ታዲያ ልጁን ያበረታታው ማን ሆነ ቢሉ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ሚስተር ሸዳድ ናቸው። እሳቸውም ሱዳናዊ ነበሩ። ከዚህ ከድልድዩ ማዶ ካለው አገር የመጡ ሰው፣ እዚያ ወሊሶ ድረስ ሄደው፣ የገዛ ወገኑ የከለከለውን ልጅ አዲስ አበባ ሂድና ሙዚቃህን ሞክር ብለው መከሩት። በኋላም የሀገር ፍቅር ተጫዋቾች ለትርዒት ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመጡ ጥላሁን አቶ ኢዮኤል ዮሐንስን አነጋገረ፤ እሳቸውም ያንኑ መከሩት። ልጁም ለአያቱ ሳይናገር ጠፋ። በእግሩ ቱሉ ቦሎ ድረስ ሄዶ ዘመዱ ቤት ቢያድር ይዘው ወደ አያቱ መለሱት። ተቆጥተውታል መቼም። ኋላ ግን ጭነት በያዘ የጭነት መኪና ተሳፍሮ አዲስ አበባ ገባ።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ውሸታም እንሆናለን። በ1989 ዓ.ም. ገደማ ልጃችን ከትምህርት ቤት እየቀረ ክራር ሲመታ ደርሰንበት ክራሩን ጉልበታችን ላይ ሰበርነው። በቤታችን አዝማሪ አይበቅልም አልነው። ያኔ የጥላሁን ካሴት በዚያው ቤት መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ማታ ማታ ከሥራ ስንመለስ የምንሰማው እሱን ነው። ልጁ አላለቀሰም። ስብርባሪውን ለቅሞ ይዞ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሲያንጎራጉር እንኳ ሰምተነው አናውቅም።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ጥላሁን በመጀመሪያ የተቀጠረው በሀገር ፍቅር ማኅበር ነው። ጥቂት ዓመታት ሠርቶ ወደ ክቡር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ተዛወረና ስሙ የገነነው እዚያ ነው። ያ ሁሉ ጥሩምባ ከኋላው እየጮኸ የሱ ድምፅ ከላይ ነው የሚሰማው፤ ቃሉን አይውጠውም፣ ፊደሉ አንድ በአንድ ይለያል። እኛ ይህን ያህል ዓመት ደብዳቤ ስንገለብጥ የኖርን ሰዎች ቃል ሲበላሽ ያመናል፤ ጥላሁን ላይ ግን እንከን አላገኘንበትም። በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፍኗል።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ሳይሳካላቸው ሲቀር ጥላሁንም የዚያ ክፍል ሰው በመሆኑ ታስሯል። ከተፈታ በኋላ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ኋላ ብሔራዊ ቴአትር ወደተባለው ገባ። በንጉሠ ነገሥቱም ፊት ዘፍኗል፤ ተሰጥዎውን እንዳያባክን መክረውታል ይባላል። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ፤ እሱ በሦስቱም ዘመን ዘፈነ። ወደዚህ ወደ ቆላው ግን መጀመሪያ በሬዲዮ፣ ኋላም በካሴት ነው የደረሰን። ሰሊጥ ሊያጭድ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ ከየአገሩ ነው፤ ቋንቋውም ልዩ ልዩ ነው፤ ማታ ግን የሁሉም ዘፈን አንድ ይሆን ነበር።

መከራም አልቀረለትም። በ1985 ዓ.ም. አንገቱ ላይ በስለት ተወግቶ ከሞት ነው የተረፈው። በኋላም የስኳር በሽታ ጸናበትና አንድ እግሩ ተቆረጠ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል፤ ያ ከወሊሶ ትምህርቱን ጥሎ የጠፋው ልጅ ማለት ነው።

ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ነው። በመስቀል ተወልዶ በፋሲካ መሞቱን ብዙ ሰው አስተውሎታል። አስከሬኑ መስቀል አደባባይ ተሸኝቶ፣ ሥፍር ቁጥር የሌለው ሕዝብ እያለቀሰ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። እኛ የእድር ሰዎች ስለ ቀብር እናውቃለን፤ ማን ከልቡ እንደሚያለቅስና ማን ለይሉኝታ እንደመጣ ከሩቁ እንለያለን። የዚያን ዕለቱ የልብ ነበር።

የቀብሩን ሥርዓት የሰማነው በልጃችን መኪና ሬዲዮ ነው። ያን ጊዜ የአይሱዙ ሹፌር ሆኖ ነበር። መኪናውን ከደጃችን አቁሞ ሁለቱንም በር ወለል አድርጎ ከፈተው፤ ጎረቤት ወንበሩን እያወጣ ተሰበሰበ። ሬዲዮው የድሮ ዘፈኖቹን ማሰማት ሲጀምር ልጃችን መሪውን ይዞ እንደተቀመጠ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አብሮ ማንጎራጎር ጀመረ። እኛም ከበሩ አጠገብ ቆመን ሰማነው።