እቴጌ ጣይቱ ብጡል

እቴጌ ጣይቱ ብጡል (የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. አረፉ) የዳግማዊ ምኒልክ ባለቤትና የኢትዮጵያ እቴጌ ነበሩ። ይበልጥ የሚታወቁት የውጫሌን ውል በመቃወማቸውና በዐድዋ ዘመቻ በመሰለፋቸው ነው። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ሆቴል ከፍተው ምግብና መኝታ በዋጋ አቅርበዋል።

አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም ከስሜን መኳንንት ወገን ናቸው። ወንድማቸው ራስ ወሌ የአምባሰልን ጎረቤት የጁን ገዝተዋል። ጣይቱ ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር አንኮበር ላይ በቁርባን የተጋቡት በ1875 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊትም ሌላ ትዳር አይተው ነበር። ፍልውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው አካባቢውን አዲስ አበባ ያሉትም እሳቸው ናቸው።

የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ከሐይቅ በስተሰሜን በሚገኘው በአምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ በተባለ ስፍራ ነው። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበር። በአንቀጽ 17 የአማርኛው ጽሑፍ ምኒልክ ከውጭ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ከፈለጉ በኢጣሊያ በኩል መላክ ይችላሉ ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ በ1883 ዓ.ም. ነገሩን ለማስታረቅ ሲመጣ ከሁሉ የከበደችው እቴጌይቱ ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ አገራቸውን ጥገኛ የሚያደርግ ቃል ከመቀበል ጦርነትን እንደሚመርጡ በግልጽ አስታወቁት። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱ።

ጦርነቱ ሲመጣ ጣይቱ የራሳቸውን ሠራዊት ይዘው ዘመቱ። መቀሌ ላይ የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ በፊት ለፊት ውጊያ አልደፈር ሲል፣ ጠላት ውኃ የሚቀዳበትን ምንጭ መያዝ የእሳቸው ዘዴ እንደነበር ይነገራል። ምሽጉ ጥር 1888 ዓ.ም. በውኃ ጥም ተለቀቀ። የካቲት 23 ቀን ዐድዋ ላይም በጦር ሜዳው ተገኝተው ወታደሩን ሲያበረታቱ፣ ሴቶቹ ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውኃ ያድሉ ነበር።

በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው እቴጌ ሆቴል፣ ዛሬ ጣይቱ ሆቴል የሚባለው፣ ከጦር ሜዳ ያላነሰ ልፋት ሳይጠይቅ አልቀረም። በገንዘብ ገዝቶ ሰው ፊት መብላት በዘመኑ ነውር ነበርና ደንበኛ ጠፋ። ምኒልክ መኳንንታቸውን አስከትለው ሄደው በሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ግብር የተጣለ መስሎት ይመጣ ጀመር፣ ሒሳብ ሲጠየቅ ግን ይደነግጥ ነበር ይባላል። እቴጌይቱ ግን ሆቴሉን አልዘጉትም።

ምኒልክ በሕመም ሲዳከሙ ሥልጣኑ በእጃቸው ገባ፤ የሸዋ መኳንንት ግን በ1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እንጦጦ ማርያም አጠገብ ኖረው እዚያው አረፉ። አስከሬናቸው ኋላ ወደ በአታ ተወስዶ ከባለቤታቸው አጠገብ ዐርፏል።