የሱባስ ቻንድራ ቦስ ሕይወትና የመጨረሻ በረራው

ሱባስ ቻንድራ ቦስ በጃንዋሪ 23 ቀን 1897 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) በሕንድ አገር፣ ኩታክ በምትባል ከተማ ተወለደ። በካልካታ ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ሲማር ሳለ፣ በ1916 ተማሪዎች አንድ እንግሊዛዊ መምህር ደበደቡ፤ እርሱም አለህበት ተብሎ ተባረረ። እኛ ይህን ስናነብ ፈገግ ማለታችን አልቀረም፤ መምህር መደብደቡን ግን አንደግፍም።

ኋላ ትምህርቱን ፈጽሞ ኬምብሪጅ ገባ፤ በሕንድ ሲቪል ሰርቪስ ፈተናም አራተኛ ወጣ። በዚያን ዘመን ለአንድ ሕንዳዊ ወጣት ከዚህ የሚበልጥ የእንጀራ በር አልነበረም። እርሱ ግን አገሬን የያዘ መንግሥት አላገለግልም ብሎ በ1921 ተወው። ዲግሪያችንን ሳንይዝ ወንበራችንን የምናልም ሁሉ ይህን ልብ ብንለው አይከፋም።

ከዚያ በኋላ ኑሮው እስራትና ስደት ሆነ። በ1938 የኮንግሬስ ፓርቲ ሊቀ መንበር ሆነ፤ በ1939ም ጋንዲ የደገፉትን ሰው አሸንፎ ዳግመኛ ተመረጠ፤ ነገር ግን ከጋንዲ ወገን ጋር መስማማት ስላልቻለ ሥልጣኑን ለቀቀ።

አሁን ለእኛ ወደሚከብደን ነገር ደረስን። በጃንዋሪ 1941 ካልካታ ከሚገኘው ቤቱ፣ ከቁም እስር አምልጦ ካቡል ገባ። ከካቡል ወደ በርሊን የተጓዘው ኦርላንዶ ማዞታ ተብሎ በኢጣሊያ ፓስፖርት ነው። በዚያው ሰሞን የሕንድ ወታደሮች በከረን ተራሮች ከኢጣሊያኖች ጋር እየተዋጉ ይወድቁ ነበር። የጠላቴ ጠላት ወዳጄ ነው ማለቱ ይገባናል። የመርዝ ጋዝ የወረደበት ሕዝብ ልጆች ግን ያንን ፓስፖርት እንዲያው በዝምታ ልናልፈው አንችልም። በ1943 በባሕር ሰርጓጅ መርከብ ወደ እስያ ተሻግሮ በጃፓኖች ዕርዳታ የሕንድን ብሔራዊ ጦር መራ፤ በ1944 ኢምፋል ላይ ድል ሆኑ።

ጃፓን እጅዋን መስጠትዋን ባስታወቀች በሦስተኛው ቀን፣ ኦገስት 18 ቀን 1945፣ ወደ ማንቹሪያ ለመሻገር የተሳፈረበት ባለ ሁለት ሞተር የጃፓን ጦር አይሮፕላን ከታይሆኩ (ከዛሬዋ ታይፔ) ተነሣ። አይሮፕላኑ የተሠራው ለቦምብ መጣያ ሲሆን ያን ቀን ሰው ማመላለሻ ሆኖ ነበር። ገና ከሜዳው ሳይርቅ ከባድ ድምፅ ተሰማ፤ የግራው ሞተር ከነፕሮፔለሩ ተገንጥሎ ወደቀ። አይሮፕላን በቂ ፍጥነትና ከፍታ ሳያገኝ አንዱን ሞተር ካጣ፣ አብራሪው የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን የማረሚያ ጊዜ የለውም። ተከስክሶ ለሁለት ተሰበረና ነደደ። አብራሪውና ጄኔራል ሺዴይ እዚያው ሞቱ። ቦስ ከነሕይወቱ ነበር፤ ነገር ግን ቤንዚን ልብሱን አርሶት ስለ ነበረ በእሳቱ መካከል ሲወጣ ተቀጣጠለ። የጉዞ ጓደኛው ሐቢቡር ራህማን ልብሱን ሊያወልቅለት ታገለ። በዚያው ሌሊት በጦር ሆስፒታል ዐረፈ፤ ዕድሜው 48 ነበር።

ሬሳው ተቃጥሎ አመዱ ቶኪዮ በሚገኘው ሬንኮጂ ቤተ መቅደስ ተቀመጠ። በ1956 የተቋቋመው መርማሪ ጉባኤ በአደጋው መሞቱን አረጋገጠ፤ በ1970 የተሾመው ኮሚሽንም እንዲሁ። በ2005 ግን ሦስተኛው ኮሚሽን በዚያ አደጋ አልሞተም ቢል የሕንድ መንግሥት አልተቀበለውም። ራህማን ፊቱና እጁ ተቃጥሎ ተርፎ ያየውን ቢመሰክርም፣ ከቦስ ተከታዮች ብዙዎቹ እስከ መጨረሻው አላመኑትም።