የኦኔሲሞስ ነሲብ ታዛዥነት

እግዚአብሔርን መታዘዝ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ ትልቅ ቀንና አንድ ትልቅ ሥራ ነው። የአቶ ኦኔሲሞስ ነሲብን ታሪክ የተመለከተ ሰው ግን ታዛዥነት በየዕለቱ የሚሠራ ሥራ መሆኑን ይረዳል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቶ ኦኔሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ነበረ፤ ትርጓሜውም በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። አባታቸው በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው። ጥቂት ዓመታት ቈይቶም የባሪያ ነጋዴዎች ከእናታቸው ነጥቀው ወሰዷቸው፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡም እስከ ምፅዋ ደረሱ። በዚያም በ1870 ቬርነር ሙንዚንገር የተባለው የፈረንሳይ ቆንስል ነጻ አወጣቸውና ለስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጣቸው። በ1872 በፋሲካ ቀን ሲጠመቁ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት የማለደለትን የዚያን ባሪያ ስም ተቀበሉ።

በስዊድን አገር አምስት ዓመት ተምረው በ1881 ሲመለሱ ምኞታቸው አንድ ብቻ ነበረ፤ ይኸውም ወደ ወገኖቻቸው ሄደው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ወንጌልን ማስተማር ነው። ወዲያው በሱዳን በኩል ጉዞ ጀመሩ፤ ነገር ግን መንገዱ ተዘግቶባቸው ተመለሱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሌላ መንገድ ሞከሩ፤ ይህም አልተሳካም።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ተስፋ ቈርጦ በተቀመጠ ነበር። እርሳቸው ግን መሄድ ባይችሉ ቃሉ እንዲሄድ በማለት በእምኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ይተረጕሙ ጀመር። ከአገራቸው በልጅነት ስለ ወጡ ቋንቋውን በምላት አያውቁትም ነበር፤ ስለዚህ እንደ እርሳቸው ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ ቃላትን እየሰበሰበች ብዙ ረዳቻቸው። አዲስ ኪዳን በ1893፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ።

በመጨረሻ በ1904፣ ከመጀመሪያው ጉዞ 23 ዓመት በኋላ፣ ነቀምቴ ገቡ። ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳም በመልካም ተቀበሏቸው። ፈተናው ግን አላለቀም ነበር። የአካባቢው ካህናት ከሰሷቸውና በ1906 አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርበው ግዞት ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው፤ ሆኖም እንዳይሰብኩ ተከለከሉ።

ዕድሜ ልክ የተመኙት አገር ገብቶ ዝም በል መባል እንዴት ያለ ኀዘን ነው! እርሳቸው ግን ልጆችን ፊደል እያስቈጠሩ ኖሩ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብኩ ፈቃድ ሰጧቸው፤ በዚህም አገልግሎት ጸንተው በ1931 በነቀምቴ ዐረፉ።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ፣ ከእኛ አንዳንዶቻችን በዚህ ዓመት ከዚህ ግቢ እንወጣለን። የተመኘነው በር ለአንዱ ይከፈታል፣ ለሌላው ይዘጋል። ያን ጊዜ እግዚአብሔር ረስቶኛል ብለን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥን? ወላጆቻችንን መርዳት፣ ታናናሾቻችንን ማስጠናት፣ የተሰጠንን ጥቂት ሥራ በእውነት መሥራት በየትኛውም በር ውጭ የሚቻል ነው። አቶ ኦኔሲሞስ መንገዱ እስኪከፈት በጠበቁባቸው ዓመታት የሠሩት ሥራ፣ መንገዱ በተከፈተ ጊዜ በእጃቸው የያዙት መጽሐፍ ሆነ።