የ25 ሩፒ ባለዕዳ

ከመካከላችን በአባቱ ገንዘብ ብቻ ተምሮ እዚህ የደረሰ ጥቂት ነው። አንዱን አጎቱ በሬ ሸጦ አስተምሮታል፤ አንዷ ደብተሯንና የደንብ ልብሷን ታገኝ የነበረው ፊቱን አይታ ከማታውቀው ከአንድ በጎ አድራጊ ነው፤ ሌላው ከተማ ገብቶ በዘመድ ቤት ውሃ እየቀዳና እየተላላከ ተምሯል። ማታ በመኝታ ክፍላችን ጨዋታው ሲደራ ግን ይህን ነገር የሚያነሣው የለም። በሰው ዕርዳታ የተማረ ሰው ዕርዳታውን እንደ ነውር ይሸሽገዋል፤ ወይም ሥራ ሲይዝ ይረሳዋል። በዚህ እትም የአንድ ሰው ታሪክ ልናቀርብላችሁ ያሰብነውም ስለዚሁ ነው። ሰውየው ሕንዳዊው ቢምራኦ ራምጂ አምቤድካር ነው። የሕንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት እንደ መራ ብዙዎቻችን ሰምተናል፤ በማን ገንዘብ እንደ ተማረና ያ ገንዘብ ምን ሊገዛለት እንዳልቻለ ግን እምብዛም አይነገርም። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አምቤድካር አፕሪል 14 ቀን 1891 በመካከለኛው ሕንድ ማው በምትባል የጦር ሰፈር ተወለደ። ለወላጆቹ ዐሥራ አራተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር፤ ከዐሥራ አራቱ ለቁም ነገር የበቁት አምስት ብቻ ናቸው። አባቱ ራምጂ በእንግሊዞች ሥር በነበረው የሕንድ ጦር ውስጥ ሱበዳር እስከሚባለው ማዕረግ የደረሰ፣ በጦር ሰፈሩ ትምህርት ቤትም ያስተማረ ሰው ነው። ቤተሰቡ ማሃር ከሚባለው ወገን ነበር። ማሃሮች በሂንዱ ሥርዐት የማይነኩ ተብለው ከተገለሉት አንዱ ናቸው፤ የነኩት ውሃ አይጠጣም፣ የነኩት ዕቃ ይረክሳል ይባል ነበር። እኛም ባለ እጁን ጠይብና ቡዳ እያለ ከማዕዱ ያራቀ አገር ልጆች ነንና ይህን ስናነብ በሌላው ብቻ መደነቅ አይገባንም።

አባቱ ጡረታ ወጥቶ ቤተሰቡ ወደ ሳታራ ከተዛወረ በኋላ እናቱ ሞተች። ትንሹ ቢምራኦ እዚያ ትምህርት ቤት ገባ። መግባቱንስ ገባ፤ ነገር ግን ከሌሎቹ ልጆች ጋር እንዲቀመጥ አልተፈቀደለትም። ከቤቱ የጆንያ ቁራጭ ይዞ ይመጣና ለብቻው በላይዋ ይቀመጣል፤ ሲመሽም ጠቅልሎ ይመልሳታል፤ ክፍሉን የሚጠርገው ሠራተኛ እንኳ ያቺን ጆንያ አይነካትምና። ሲጠማው ቧንቧውን ራሱ መክፈት አይችልም። የትምህርት ቤቱ ተላላኪ መጥቶ እስኪከፍትለት ይጠብቃል፤ ተላላኪው ከሌለ ውሃም የለም። ጠጉሩን የምትቈርጥለት እኅቱ ነበረች። ይህ ሁሉ የሆነው ቤተሰቡ ለጠጉር ቈራጭ የሚከፍለው አጥቶ አይደለም፤ የማሃር ራስ የሚነካ ጠጉር ቈራጭ ጠፍቶ ነው። ጐልምሶ ሳለ በጻፈው አጭር ማስታወሻ ይህን ሁሉ አስፍሮታል።

ቤተሰቡ ቆይቶ ወደ ቦምቤይ መጣ። ፓሬል በሚባለው ሠፈር፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ተጨናንቀው በሚኖሩበት የኪራይ ቤት፣ ሁሉም በአንድ ክፍል ያድሩ ነበር። ማብሰያውም፣ መኝታውም፣ ማጥኛውም ያው አንድ ክፍል ነው። ስለዚህ ልጁ በጊዜ ይተኛል፤ አባቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይቀሰቅሰዋል፤ ሌላው ሰው ተኝቶ ሳለ በኩራዝ ያጠናል። ራምጂ ለመጽሐፍ መግዣ ሲያጣ ወደ ባለትዳር ሴቶች ልጆቹ እየሄደ ጌጣቸውን ይለምንና በመያዣ ሰጥቶ ይበደርበታል፤ የጡረታ ገንዘቡ ሲደርስ ያስለቅቃል። እንግዲህ የአምቤድካር የመጀመሪያው ስኮላርሺፕ የእኅቶቹ አምባር ነበር ማለት ነው፤ ስማቸው ግን በየትኛውም የምስክር ወረቀት ላይ የለም።

በ1907 የማትሪክ ፈተና አለፈ። ከማሃር ልጅ ይህ ብርቅ ስለ ነበር ወገኖቹ ተሰብስበው የደስታ በዓል አደረጉለት። በበዓሉ ላይ ከተገኙት አንዱ ኬሉስካር የሚባሉ መምህርና ጸሐፊ ነበሩ፤ ስለ ቡድሃ ሕይወት በማራቲ ቋንቋ የጻፉትን መጽሐፍ ለልጁ ሰጡት። ይህን መጽሐፍ አስታውሱት፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን። ልጁ ኤልፊንስቶን ኮሌጅ ገባ፤ ነገር ግን መካከለኛውን ፈተና እንዳለፈ የአባቱ አቅም አለቀ። በዚህ ጊዜ ኬሉስካር እጁን ይዘው ወደ ባሮዳ ንጉሥ ወደ ሳያጂራኦ ጌክዋድ አቀረቡት። ንጉሡም ጥቂት ጥያቄ ጠይቀውት በወር 25 ሩፒ እንዲሰጠው አዘዙ።

ስለ እኒህ ንጉሥ ጥቂት ሳንናገር ማለፍ አንወድም። ሳያጂራኦ ከቤተ መንግሥት አልተወለዱም። በካቭላና መንደር ፊደል ሳይቈጥሩ ያደጉ የገበሬ ልጅ ሲሆኑ፣ በ1875 ገና 12 ዓመታቸው ሳለ ወራሽ ያጣው የባሮዳ ቤት በልጅነት ተቀብሎ አነገሣቸው። ማንበብና መጻፍ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ምናልባትም ስለዚሁ ይሆናል፣ በ1906 በግዛታቸው ሁሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በነጻና በግዴታ እንዲሰጥ ያደረጉት።

አምቤድካር በ25 ሩፒው ኮሌጁን ጨርሶ በ1913 መጀመሪያ ለባሮዳ ሥራ ገባ፤ ወዲያው በፌብሩዋሪ አባቱ ሞተበት። በዚያው ዓመት ንጉሡ ጥቂት ተማሪዎች ወደ አሜሪካ ሊልኩ ሲነሡ እርሱም ተመረጠ። ውሉ ግልጽ ነበር፤ ለሦስት ዓመት በየወሩ 11 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ይሰጠዋል፤ እርሱም ተመልሶ ባሮዳን 10 ዓመት ያገለግላል። ፈረመና ኒው ዮርክ ወደሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። እዚያ ማንም ጆንያ ይዘህ ና አላለውም። ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ገበታ ይበላል፣ ከሁሉም ጋር ይቀመጣል፤ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ውሎ ያመሻል። ከዚያች ገንዘብ ላይ ቈጥቦ ለሚስቱ ለራማባይ ይልካል፤ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮችም ይገዛል። በ1915 የማስተርስ ዲግሪውን አገኘ፤ በ1916 ለሌላ ትምህርት ወደ ለንደን ተሻገረ። ይሁን እንጂ የድጎማው ጊዜ ስላበቃ በ1917 ትምህርቱን አቋርጦ እንዲመለስ ግድ ሆነ። ዘመኑ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነበርና ለብቻ የተላኩት መጻሕፍቱ መርከቧ በቶርፔዶ ተመትታ ባሕር ውስጥ ቀሩ።

እስከዚህ ድረስ አንተ ስንለው የቆየነውን ልጅ ከእንግዲህ አንቱ ልንለው ይገባናል። ባሮዳ ግን አላላቸውም።

በሴፕቴምበር 1917 ወደ ባሮዳ ሲደርሱ በጣቢያው የተቀበላቸው ሰው አልነበረም። የንጉሡ የጦር ጸሐፊ እንዲሆኑ ተሹመዋል፤ የሚያድሩበት ቤት ግን የለም፤ የሂንዱ ሆቴል ማሃር አያስገባምና። በመጨረሻ ፓርሲ የተባሉት ሰዎች ወደሚያርፉበት የእንግዳ ቤት ሄደው በፓርሲ ስም ተመዝግበው ገቡ። ፎቁ ላይ እንግዳ የሌለበት፣ አሮጌ ዕቃ የተከማቸበት፣ ለወፍራም መጽሐፍ እንኳ የማይበቃ መብራት ያለው ቤት ነበር። በቢሮም ተላላኪዎቹ ፋይሉን ከሩቅ ይወረውሩላቸዋል እንጂ በእጃቸው አይሰጧቸውም። በዐሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ሊሄዱ ሲነሡ፣ ዱላ የያዙ ደርዘን የሚያህሉ ፓርሲዎች ደረጃውን ወጥተው ከበቧቸው፤ ቤቱን አርክሰሃል ብለው እስከ ማታ እንዲለቅ አዘዟቸው። ሁለት ወዳጆች ነበሯቸው፣ አንዱ ሂንዱ አንዱ ክርስቲያን፤ ሁለቱም በየምክንያታቸው ሊያስጠጓቸው አልደፈሩም። የኮሎምቢያው ምሩቅ በአንድ የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ባቡሩ እስኪደርስ ተቀምጠው፣ በዚያው ሌሊት ወደ ቦምቤይ ተመለሱ። ንጉሡ አቤቱታውን ለዋና ሚኒስትራቸው መሩት፤ ከዚያም መፍትሔ አልተገኘም። የ10 ዓመቱ ውል በሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ እንዲህ ቀረ።

እዚህ ላይ እኛን ያከራከረን ነገር አለ። አንዳንዶቻችን ውለታ በልተዋል አልን፤ የሰው ገንዘብ ተቀብሎ ፊርማውን ያላከበረ ሰው ለተማሪ ምን ምሳሌ ይሆናል የሚል ነበር። የሚበዙት ግን፣ ወደ ኒው ዮርክ የሚያደርስ ገንዘብ የሰጠ መንግሥት በራሱ ከተማ አንድ አልጋ ሊያስገኝ ካልቻለ ውሉን ያፈረሰው ማን ነው ብለው መለሱ። አምቤድካር ራሳቸው ዕዳውን አልካዱም። በ1925 ስለ ብሪታንያ ሕንድ የገንዘብ አስተዳደር የጻፉትን መጽሐፍ፣ ለትምህርታቸው ስላደረጉላቸው ዕርዳታ ምስጋና እንዲሆን ለሳያጂራኦ አበርክተዋል።

ከባሮዳ በኋላ ያለውን እናሳጥረው። በ1918 በቦምቤይ ሲደንሃም ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ እዚያም አንዳንድ አስተማሪዎች ከመምህራኑ የውሃ እንስራ እንዳይጠጡ ተቃወሟቸው። ከደመወዛቸው ቈጥበው፣ ከኮልሃፑር ንጉሥ ከሻሁ ዕርዳታ አግኝተው፣ ከአንድ ወዳጃቸውም 5,000 ሩፒ ተበድረው በ1920 ወደ ለንደን ተመለሱ። በረኀብ ተቀጥተው፣ የብሪቲሽ ሙዚየምን ቤተ መጻሕፍት ከመከፈቱ እስከ መዘጋቱ ይዘው፣ በ1923 የዶክተርነት ማዕረግ አገኙ፤ የሕግ ጠበቃም ሆኑ። በራሱ ጥረት ራሱን የሠራ ሰው እያሉ የሚያወድሷቸው አሉ። እኛ ግን ራማባይን እናስባለን። ባል በባሕር ማዶ ሲማር በፓሬል ችግሩን የተሸከመች እርሷ ናት፤ ከወለደቻቸው አምስት ልጆች አራቱ በሕፃንነት ሞተዋል፤ እርሷም በ1935 ዐረፈች። የስኮላርሺፕ ሒሳብ ሲደረግ ይህም መቈጠር አለበት።

አሁን ዕዳው እንዴት እንደ ተከፈለ እንመልከት። ዶክተር አምቤድካር በ1924 በቦምቤይ የተገለሉትን የሚረዳ ማኅበር አቋቋሙ፤ ማኅበሩ ቀድሞ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ በ1925 በሾላፑር ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የመኖሪያ ቤት መክፈት ነበር። ለምን የክፍያ ገንዘብ ብቻ እንዳልሰጡ የባሮዳውን ሌሊት ያነበበ ሰው ይገባዋል። የደኻ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያው ቢከፈልለት እንኳ፣ የሚያከራየው ካጣ፣ የሚበላው ካጣ፣ መንገድ ላይ ይቀራል። በ1927 ደግሞ በማሃድ ከተማ በሺህ የሚቈጠሩ ወገኖቻቸውን መርተው ከሕዝብ ኩሬ ውሃ ጠጡ፤ ያ የትምህርት ቤቱ ቧንቧ ከልባቸው አልወጣም ነበር።

ትልቁ ሥራ የመጣው ከ1942 እስከ 1946 በእንግሊዙ እንደራሴ ምክር ቤት ውስጥ የሠራተኛ ጉዳይን ይዘው ሳለ ነው። በ1942 ለእንደራሴው ባቀረቡት ጽሑፍ፣ መንግሥት ለቤናሬስ የሂንዱ ዩኒቨርሲቲና ለአሊጋር የእስላም ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠውን ድጎማ ጠቅሰው፣ ለተገለሉት ልጆችስ የታለ ብለው ተሟገቱ። መንግሥቱም በዓመት 300,000 ሩፒ ፈቀደ፤ በ1944 ማትሪክ ላለፉ የነዚሁ ወገኖች ልጆች የመንግሥት ስኮላርሺፕ ተጀመረ፤ ጥቂቶችም ወደ ውጭ አገር ተላኩ። እርሳቸው 25 ሩፒ ያገኙት ኬሉስካር የሚባል ደግ ሰው ስለ ነበረና ንጉሡ በዚያን ቀን ፈቃዳቸው ስለ ሆነ ነው። ከ1944 በኋላ ግን የሾላፑር ልጅ ንጉሥ ፊት መቅረብ አላስፈለገውም፤ ፈተናውን ማለፉን አስመስክሮ ማመልከት በቃው። በ1945 ያቋቋሙት የትምህርት ማኅበር በሚቀጥለው ዓመት በቦምቤይ ሲድሃርት ኮሌጅን ከፈተ፤ ቀን ተቀጥረው የሚሠሩ ደኻ ተማሪዎች እንዲማሩ ትምህርቱ ጠዋት በማለዳ ይሰጥ ነበር። በ1950 በጸናው ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 46 መንግሥት የደካሞቹን ወገኖች ትምህርት በልዩ ጥንቃቄ እንዲያሳድግ ያዛል።

ኦክቶበር 14 ቀን 1956 በናግፑር ከብዙ መቶ ሺህ ተከታዮቻቸው ጋር የቡድሃን ሃይማኖት ተቀበሉ። ኬሉስካር ለ16 ዓመት ልጅ የሰጡት መጽሐፍ እስከዚህ አደረሰ። ዲሴምበር 6 ቀን 1956 በዴልሂ ቤታቸው ተኝተው ሳለ ዐረፉ።

ከመሞታቸው ዘጠኝ ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በማርች 18 ቀን፣ በአግራ ከተማ ለተሰበሰበ ብዙ ሕዝብ ተናግረው ነበር። ታመዋል፣ ደክመዋል። በዚያን ጊዜ በርሳቸው ትግል የተማሩት ልጆች ዲግሪ ይዘው፣ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር አግኝተው ነበር። አምቤድካር ከሁሉ ይልቅ ያዘኑት በነዚህ ነው። ተምረው ወገናቸውን ያገለግላሉ ብለው ሲጠብቁ፣ ሆዳቸውን የሚሞሉ ጸሐፊዎች ብቻ ሆነው እንዳገኟቸው በሕዝብ ፊት ተናገሩ፤ ሲናገሩም ዕንባ ይተናነቃቸው እንደ ነበር የሰሙት ሰዎች አስተላልፈዋል።