ኡሙ ሐቢባ፦ በሐበሻ ምድር ብቻዋን የጸናች እናት

የምእመናን እናት ኡሙ ሐቢባ (ረዲየላሁ ዐንሃ) የመጀመሪያ ስሟ ረምላ ነው። አባቷ አቡ ሱፍያን ከቁረይሽ መሪዎች አንዱ ነበር። እርሷ ኢስላምን ስትቀበል አባቷ ገና ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተቃዋሚዎች ጎራ ነበር። የመካ ሙሽሪኮች ግፍ ሲበረታ ከባሏ ከዑበይዱላህ ኢብኑ ጀሕሽ ጋር ወደ ሐበሻ ተሰደደች። የአባቷን ቤት ክብርና ምቾት ለዲኗ ስትል ተወች።

ከባዱ ፈተና ግን የጠበቃት እዚሁ ነው። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ባሏ ሐበሻ ውስጥ ኢስላምን ትቶ ክርስቲያን ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ኡሙ ሐቢባ በሰው አገር ከትንሽ ልጇ ከሐቢባ ጋር ቀረች። ወደ መካ እንዳትመለስ የአባቷ ቤት የሙስሊሞች ጠላት ቤት ነው። አብረዋት የተሰደዱትም እንደ እርሷው ከአገራቸው የተፈናቀሉ ናቸው። ሰው ሊደገፍበት የሚችለው ሁሉ፣ አባትም ባልም ወገንም፣ ከእጇ ወጣ። እርሷ ግን ከዲኗ ንቅንቅ አላለችም።

አላህ ሶብሯን አልረሳም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኡሙ ሐቢባን እንዲድሩላቸው ወደ ነጃሺ መልእክት ላኩ። ነጃሺም አብረሃ የምትባል አገልጋያቸውን ልከው አበሰሯት። በደስታዋ በእጇና በእግሯ ያለውን የብር ጌጥ አውልቃ ለአብረሃ ሰጠቻት። ኻሊድ ኢብኑ ሰዒድ ወኪሏ ሆነ፤ ነጃሺ 400 ዲናር መህር ከፈሉ፤ ለተገኙትም ምግብ አቀረቡ። ኡሙ ሐቢባ ከመህሩ 50 ዲናር ለአብረሃ ብትልክላትም አብረሃ ጌጡንም ገንዘቡንም መለሰች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰላምታዋን ለነቢዩ እንድታደርስላት። ኡሙ ሐቢባም መዲና ስትደርስ አደራዋን ተወጣች።

መዲና የገባችው በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው። በቀጣዩ ዓመት አባቷ የሑደይቢያን ስምምነት ለማደስ ወደ መዲና መጥቶ ቤቷ ገባ። ሊቀመጥ ሲል የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ምንጣፍ አጠፈችበት። ያኔ ገና ሙሽሪክ ነበርና ለአባቷ ብላ የነቢዩን ክብር አላሳለፈችም። በዚያው ዓመት መካ ስትከፈት አባቷ ሰለመ።

ጽናቷ በምን ይጠበቅ እንደነበር የሚያሳይ ነገር አለ። በቀንና በሌሊት ከፈርድ ውጭ 12 ረከዓ ለሰገደ ሰው በጀነት ቤት እንደሚሠራለት ከነቢዩ ሰምታ ያስተላለፈችልን እርሷ ናት። ከሰማችበት ቀን ጀምሮም ትታው አታውቅም። አባቷ ሲሞት ደግሞ በሦስተኛው ቀን ሽቶ አስመጥታ ተቀባች። ሽቶ አምሯት ሳይሆን፣ ሴት ከባሏ በቀር ለሌላ ሟች ከሦስት ቀን በላይ ሐዘን እንዳትቀመጥ ነቢዩ የደነገጉትን ለመፈጸም ነው። ሐዘኗም ደስታዋም በዲን ልክ ነበር። በ44ኛው ዓመተ ሂጅራ በመዲና አረፈች።

ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት በሆነባቸው እንደ እንጅባራና ዳንግላ ባሉ የአዊ ዞን ከተሞች ለምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች ይህ ታሪክ የሩቅ አይደለም። ኡሙ ሐቢባ የጸናችው በዚሁ በሐበሻ ምድር፣ በክርስቲያኖች መካከል፣ በጥቂት ሙስሊሞች ጀመዓ ውስጥ ነው። ባሏን አጥታ ልጅ ለብቻዋ የምታሳድግ፣ ከቤተሰቧ በዲኗ ምክንያት የተለየች፣ ኑሮ የከበዳት እህት አርአያዋን እዚህ ታገኛለች። መከራው የሚያልቅበትን ቀን አናውቅም፤ የሚቀጥለውን ሶላት በወቅቱ መስገድ ግን በእጃችን ነው። ጽናት የሚገነባው ከዚህ ነው።

አላህ በችግርም በድሎትም በዲኑ ላይ ያጽናን። አሚን።